የጉዞው ምክንያት፦ ጉብኝት

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ናሁሠናይ መሞቱን የነገረኝ መዝጋቢው ነው። መዝጋቢው ሰው አይደለም። የከተማውን ልደትና ሞት የሚይዝ፣ በየሰዉ ቤት ግድግዳ ውስጥ ሆኖ የሚናገር፣ ድምፁን ያለሰለሰ ነገር ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ እባክዎ ቢላዋውን አስቀምጠው ይቀመጡ" አለኝ በጀርመንኛ። ቢላዋውን ሲል ነው የገባኝ።

"ቆይ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በጀርመንኛ አልሰማም። በአማርኛ ንገረኝ" አልኩት። ባምበርግ ሠላሳ አምስት ዓመት ስኖር መዝጋቢውን በአማርኛ ያናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። በሰው አገር ቋንቋ ተነግሮኝ ላልቅስ ብል እንባው የሚመጣልኝ አልመሰለኝም።

እሱም ምን ገዶት፣ በአማርኛ ነገረኝ። ናሁ ሥራ ጨርሶ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብሏል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሥራው የድሮ ቤተ ክርስቲያኖችን ጣሪያ መጠገን ነው። ዕድሜውን ሁሉ በገመድ ተንጠልጥሎ ኖሮ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሞተ።

ለእናቱ ሳይነገር ለእኔ የተነገረው ናሁ በጻፈው አንድ ቃል የተነሣ ነው። ቅጹ ላይ "የቅርብ ዘመድ" በሚለው ቦታ የእኔን ስም አስገብቶ፣ አጠገቡ "እህት" ብሎ ሞልቷል። እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ እህት ነው፤ ማን ይከራከራል? ደግሞም እናቴ በአራት ዓመቴ ስትሞትብኝ ያሳደገችኝ የእሱ እናት እትዬ ፈለቀች ናት። ከአንድ ትሪ በልተን ነው ያደግነው። መዝጋቢው ግን ቃሉን እንዳለ ወስዶ ለእህትየዋ ነገረ።

"ለሌሎች የሥጋ ዘመዶች፣ ለወላጅ እናታቸውም ጭምር፣ በሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ላይ እናሳውቃለን። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ራስዎ ሊነግሯቸው ይችላሉ" አለኝ።

ወረቀት አመጣሁና ጻፍኩት፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

እትዬ የምትኖረው ጣልያን አገር፣ ሉካ የምትባል ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ነው። በወጣትነቷ ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ፣ በኋላ ናሁንና እኔን አስመጥታ፣ እኛ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ስንወጣ እሷ እዚያው ቀረች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ድንበር እንዲያልፍ አይፈቀድለትም፤ ለጤናው ታስቦ ነው ይላሉ። ስለዚህ ልጇን ልትቀብር መምጣት አትችልም። እሱ ቀረባት። መርዶው ግን በወጉ ሊነገራት ይችላል፤ እኔ የያዝኩት ይሄን ብቻ ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በግድግዳ ድምፅማ ጭራሽ! ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ሽማግሌ ከፊት ይሆናል፣ በር ይንኳኳል፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ይኖራል። እትዬ ብቻዋን ቁጭ ብላ፣ ያ የሚያባብል ድምፅ "ቢላዋውን ያስቀምጡ" ሲላት እየታየኝ እንቅልፍ የት አባቱ ይምጣ። ሉካ ውስጥ የሚነግርልኝ የአገር ሰው እንዳልፈልግ፣ የነበሩት ሁሉ ሞተው አልቀዋል።

የዚያኑ ዕለት ምሽት ላይ ደወለች። ናሁ በየቀኑ ይደውልላት ነበር።

"ናሁ ስልክ አያነሣም። ምን ሆኗል?"

"ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ እትዬ። መናገር አቃተው።"

"ውይ ልጄን! ፌጦ በሎሚ ስጪው። አለሽ ፌጦ?"

"አለኝ።"

"በባዶ ሆዱ። ደግሞ አንዴ ቀምሶ እንዳይተው፤ ሦስት ቀን ይውሰድ። ጣሪያ ላይ እንዳይወጣም ንገሪው።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ የተረፈውን ሽንኩርት ከተፍኩ። ምን ላድርግ ታዲያ።

በማግስቱ ጋሽ ደምሰው መጡ። ጋሽ ደምሰው የባምበርግ እድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ እድሩ አሥራ አንድ ሰው ነው የቀረው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ድንበር ማለፍ ሊከለከሉ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በጉብዝናቸው ጊዜ የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ነድተዋል፤ የሰው እጅ መሪ እንዳይነካ ከተከለከለ ወዲህ ግን እንደማንኛችንም ተጭነው ነው የሚሄዱት። ከናሁ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ ይጫወቱ ነበር። እንደገቡ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና "መቼ ነው የምንሄደው?" አሉኝ።

አስጓዡን ከፈትኩት። አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው ሁሉ መንገዱን የሚያወጣለትም ፈቃዱን የሚሰጠውም አስጓዡ ነው። እሱን እንደ ወትሮዬ በጀርመንኛ አናገርኩት።

ከየት? ከባምበርግ። ወዴት? ወደ ሉካ፣ ወይዘሮ ፈለቀች ቤት። ስንት ሰው? ሁለት። የጉዞው ምክንያት?

አራት ምርጫ ነው ያለው፤ ሥራ፣ ሕክምና፣ ሐዘን፣ ጉብኝት። ድሮ "ሌላ" የሚል አምስተኛ ነበረ፤ ሰዉ ሁሉ እሱን ሲመርጥ ጊዜ አነሡት።

ሐዘን የሚለውን ነካሁ።

"እናዝናለን፤ ፈቃዱ ዛሬውኑ ይደርስዎታል" አለ። "ለተቀባይዎ ለወይዘሮ ፈለቀች የሟቹ ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ማስታወቂያ አሁን ይላካል።"

"አይላክ! እንዳትልክ!" ጮህኩ።

"ተቀባይ እንግዳው የሚመጣበትን ምክንያት አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።"

"እኮ ምክንያቱን ልነግራት ነው የምሄደው!"

"እንግዲያው አስቀድመው ካወቁት የእርስዎ ሥራ ይቀልልዎታል።"

ኧረ በስመአብ! ግድግዳውን ልመታው እጄን አነሣሁ። ጋሽ ደምሰው ክንዴን ያዙኝ። መኪናም ይሁን ማሽን፣ ለሳቸው የሚናገር ነገር ሁሉ "ሰውዬው" ነው። "ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ አልገባውም እንጂ" አሉ። "ተይው። ሌላውን ንኪ።"

ሥራ እንዳንል የሚቀጥረን የለም። ሕክምና እንዳንል ሐኪም ይጠየቃል። የቀረን ጉብኝት ነው።

ጉብኝት የራሱ ደንብ አለው። መነሻውም መድረሻውም ጥንታዊ ከተማ መሆን አለበት፤ ባምበርግም ሉካም ጥንታዊ ናቸው፣ ተመስገን። መንገድ ላይ ሦስት ቅርስ መታየት አለበት፣ እያንዳንዱ አርባ አርባ ደቂቃ። በአቋራጭ አይኬድም፣ ጎብኚ አይቸኩልማ። አስጓዡ ከሬገንስበርግ የድንጋይ ድልድይ፣ ከኢንስብሩክ ወርቃማው ጣሪያ፣ ከቬሮና ደግሞ የጥንቱን የትርዒት ሜዳ መረጠልን። ቅዳሜ ተነሥተን፣ ኢንስብሩክ አድረን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሉካ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት፤ ከመዝጋቢው ሦስት ሰዓት እንቀድማለን።

"አንድ ማሳሰቢያ" አለ አስጓዡ። "በሁለቱም ድንበሮች ላይ የጎብኚዎች ፊት ከጉዟቸው ምክንያት ጋር መጣጣሙ ይታያል።"

ይሄ የመጣው በጎብኚ ስም ሥራ ፍለጋ የሚያልፈው ሲበዛባቸው ነው። ሥራ ፈላጊ ደስ ብሎት አይስቅም ብለው መሰለኝ። አንዴ የማይስማማ ፊት ያሳየ ማረፊያ ክፍል ገብቶ ይሞክራል። ሁለተኛ ከወደቀ ወደመጣበት ይመለሳል።

"እና እየሳቅን ነው መርዶ የምንሄደው?" አልኳቸው።

"እየሳቅን ነው" አሉ ጋሽ ደምሰው።

ሐሙስ ናሁን ቀበርነው። የከተማው ደንብ ከሦስት ቀን በላይ አያቆይም። ዘጠኝ ሰው ነበርን። ዓርብ ፈቃዱ መጣ፣ ለእትዬም ማስታወቂያ ደረሳት፤ ትርንጎና ደምሰው የሉካን ግንብ ለመጎብኘት ይመጣሉ ይላል። ወዲያው ደወለች።

"ግንቡን? አንቺ? ላዩ ላይ ስትሮጪ ጥርስሽን የሰበርሽበትን ግንብ?"

"ጋሽ ደምሰው አይተውት አያውቁም፣ እትዬ። ሳልሞት ልየው ብለው…"

"ናሁስ? አይመጣም?"

"እሱ ሥራ ይዞታል። ድምፁም ገና ነው።"

"ፌጦውን ወሰደ?"

"ወሰደ።"

"ይሁን፣ ኑ" አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔና ጋሽ ደምሰው መስታወት ፊት ቆመን ሳቅ ተለማመድን። ይሄን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። የሰው አፈር ሳይደርቅ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጥርሳችንን እያሳየን! ጋሽ ደምሰው ሲስቁ ዓይናቸው አይከተልም፤ "በዓይንም፣ በዓይንም ይሳቁ እንጂ ጋሼ" እላቸዋለሁ። "ዓይኔን ማን ያዘዋል" ይሉኛል። ጥቁር ልብሳችንን ከሻንጣው ሥር ቀበርነው፤ ከላይ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለሳቸው፣ ለእኔ ደግሞ ቢጫ ቀሚስ። ቢጫ ልበሺ ብሎ ዘወትር የሚጨቀጭቀኝ ናሁ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ መጣች። መሪ የላት፣ ፍሬን የላት። ጋሽ ደምሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ቁልቁለት በደረስን ቁጥር ቀኝ እግራቸው ባዶውን ወለል ይረግጣል። መኪናዋ ታወራለች። በግራ በኩል ይህ አለ፣ በቀኝ በኩል ያ አለ፤ ይህን የሠራው ንጉሥ፣ ያን ያፈረሰው ንጉሥ። አላዳመጥን እንደሆነ ታውቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሬገንስበርግ ድልድዩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመን ወንዙን አየን። ናሁም የሞተው ወንዝ እያየ ነው። ፈገግ እንዳልኩ አርባውን ደቂቃ ጨረስኩ፤ ጉንጬ ታመመ።

የመጀመሪያውን ድንበር፣ ኩፍሽታይን ላይ፣ በቀላሉ አለፍን። በር የለው፣ ወታደር የለው። ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለ መነጽር የመሰለ ነገር ብቻ ነው። "አሁን!" አልኩ፣ ጥርሳችንን አሳየን፣ አረንጓዴ በራ። ያን ዕለት እንኳን እንደ ትልቅ ነገር ደስ አለን። ጋሽ ደምሰው "ተዋናይ መሆን ነበረብኝ" ብለው ቀለዱ።

የተበላሸው እሑድ ጠዋት ኢንስብሩክ ላይ ነው። ወርቃማው ጣሪያ የሚባለውን ልናይ ቆምን። መኪናዋ ስንት የመዳብ ሰሌዳ እንደተነጠፈበት እየዘረዘረች ሳለ ቀና ብል፣ ከጎኑ ካለው ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ መዶሻ ይመታል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ቀይ ቀበቶ፣ ከኋላ ኪሱ የሾለከ ጨርቅ። ናሁም ሁልጊዜ ጨርቅ ከኋላ ኪሱ አይጠፋም ነበር። ዞር ይል እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። አይ እኔ፣ ምን ነካኝ! አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ዞሮ አየሁት፤ ፂማም ነጭ ሽማግሌ ነው።

ብሬነር ድንበር ላይ ስንደርስ "አሁን!" አልኩ፣ እንደ ትናንቱ። ቀይ በራ።

"የሁለቱም ተጓዦች ፊት ከጉብኝት ጋር አልተጣጣመም" አለች መኪናዋ። "ወደ ማረፊያ ክፍል እንሄዳለን። ተረጋጉ፤ አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ያልፋል።"

ማረፊያ ክፍሉ ሞቃት ነው። ለስላሳ ወንበር፣ ብርቱካን ጭማቂ፣ ግድግዳው ላይ የውሻ ቡችሎች ሳር ላይ ይንከባለላሉ። አጠገባችን ሁለት ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች ቡችሎቹን ትኩር ብለው ያያሉ፤ የእነሱን እውነተኛ ምክንያት እግዜር ይወቀው። ጠሩአቸው፣ ወጡ፣ ቀይ በራ፣ መኪናቸው ወደ ሰሜን ዞረች። ሴትዮዋ በመስኮት ስታየን አየሁ።

"ልንመለስ ነው" አልኳቸው ጋሽ ደምሰውን። "ልንመለስ ነው፣ ነገ ያ ነገር ሊነግራት ነው። ብቻዋን። ማንም ሳይኖር።"

ጋሽ ደምሰው ጭማቂውን አስቀመጡ። "ናሁ በፎጣ ያስቀረኝን ቀን ነግሬሽ አውቃለሁ?" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ አሁን የወሬ ሰዓት ነው?"

"ስሚኝ። ክረምት ነው። በረዶ። ገላዬን ታጥቤ በፎጣ እንዳለሁ ቆሻሻ ልጥል ብቅ ስል በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ናሁን ጠራሁት። መሰላል ይዞ መጣ፤ 'ጋሼ፣ በመስኮት ገብቼ እከፍትልዎታለሁ' አለኝ። ወጣ፣ ገባ። ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ፂሜ በረዶ ሠራ። ለካ የተሳሳተ መስኮት ነው የገባው! ጎረቤቴ ያቺ አሮጊት እራት ላይ ናት።"

"እና?"

"እናማ ልትጮህ ሲገባት፣ ደንግጣ ነው መሰለኝ፣ 'ተቀመጥ' አለችው። የእናቱ ልጅ አይደል? እንብላ ያለችውን ሴት እምቢ ማለት ነውር ነው ብሎ ተቀመጠ! ሾርባ በላ። ድንች በላ። ጨምር ስትለው ጨመረ። እኔ ከውጭ በፎጣ! በኋላ በሯን ከፍታ ስትሸኘው፣ በእጁ ኬክ ይዞ ብቅ አለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ጋሼ፣ ለእርስዎም ልካለች።'"

መጀመሪያ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ናሁ ኬኩን ይዞ፣ ያን ክብ ፊቱን አድርጎ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሲቆም ታየኝ። ከሆዴ ገንፍሎ መጣ። ጋሽ ደምሰውም ሳቁ፤ ዓይናቸውም ሳቀ። ተጠራን፣ እየሳቅን ገባን፣ ማቆም አልቻልንም፤ "በፎጣ!" እላለሁ፣ "ኬኩ!" ይላሉ። አረንጓዴ በራ። ጣልያን ገባን።

ከድንበሩ ማዶ ሳቁ ወዴት እንደሚዞር እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን መኪናዋም ታያለች፣ ማልቀስ አይቻልም። ጋሽ ደምሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "የአንደኛው ተጓዥ ዓይን ውኃ አቅርሯል" አለች መኪናዋ። "አየሩን ላስተካክል?"

"አስተካክዪ" አልኳት።

ቬሮናን አይተን፣ አርባ ደቂቃችንን ከፍለን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሉካ ግንብ በር ገባን። እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፍታ ቆማ ትጠብቀናለች። አጥራለች። ከአምናው በጣም አጥራለች። አገላብጣ ስማን ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና አየችኝ፣ የጋሽ ደምሰውንም አየች። እኛ አሁንም ፈገግ ብለናል። ሁለት ቀን ሙሉ ስናለማምደው የከረምነው ፊት ነው፣ ተዉ ቢሉት የት ይሄዳል።

"እሰይ" አለች። "እሰይ! እኔ እኮ ክፉ ነገር አስቤ ነበር። ማን ለግንብ ብሎ አራት መቶ ተራራ ያቋርጣል ብዬ። ፊታችሁን ሳይ ልቤ ተመለሰ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። "ጋሽ ደምሰው ናቸው እንጂ ግንብ ግንብ ያሉት" አልኩ። ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ!

ፓስታ አብልታን፣ ለጋሽ ደምሰው የናሁን አልጋ አነጠፈችላቸው። ገና ሳይመሽ ከመሳቢያ ውስጥ ትንሽ ጥቅልል አውጥታ ሰጠችኝ። ፌጦ ነው። በወረቀት ጠቅልላ፣ በላዩ "ናሁ" ብላ ጽፋበታለች። "የዚያ አገር ፌጦ ፍሬ የለውም። ስትመለሺ ይሄን ስጪው" አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። በእጄ መያዝ አቃተኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ተነሣን። ጋሽ ደምሰው ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ። እኔም ጥቁሬን ለብሼ ነጠላዬን ዘቅዝቄ አጣፋሁ። ሦስት ሰዓት ገና ሩቅ ነው፤ ደርሰናል አልኩ በልቤ። አሁን ቀስቅሼ፣ አስቀምጬ፣ ይዣት…

የሳሎኑ መብራት በርቷል።

እትዬ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ወንበሮቹን ሁሉ ለለቀስተኛ እንደሚደረገው ግድግዳውን አስጠግታ ደርድራቸዋለች። ስድስት ወንበር ነው ያላት፣ ስድስቱንም።

"ተነሣችሁ?" አለችን።

"እትዬ…"

"ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነገረኝ" አለች። "ግድግዳው። 'ይቀመጡ' አለኝ። ተኝቼ ነው የምን ይቀመጡ?"

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። በእነሱ ሰዓት ሦስት ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በጀርመንኛ ሦስት ሰዓት ቢለኝ ኖሮ እኔም የምሰማው በጀርመን ሰዓት ነው፤ ስንት ዓመት የኖርኩበት አይደል! በአማርኛ ሲለኝ ግን ጆሮዬ የእኛን ሦስት ሰዓት ሰማ። መዝጋቢው ቃሉን ለወጠ እንጂ ሰዓቱን አልለወጠም። "ጠዋት" የሚለውን ወረቀቱ ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለማልቀስ ብዬ በአማርኛ ንገረኝ ያልኩት እኔው ነኝ። የበሩን መቃን ያዝኩ።

"እትዬ፣ እዚሁ ነበርን እኮ! ግድግዳ ለግድግዳ! ለምን አልቀሰቀስሽንም?"

"ደክሟችኋል" አለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። "ደግሞ አላለቀስኩም። ለእናንተ ነው ያቆየሁት። እኔ ቤት ግንብ ልታዩ እንዳልመጣችሁ አሁን ገብቶኛል። ሦስት አገር አቋርጣችሁ ልትነግሩኝ ከመጣችሁ፣ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። ያኛው በጣልያንኛ ነው ያወራው፤ አልሰማሁትም ብያለሁ።"

ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

"ውጡ" አለችን እትዬ። "ውጡና አንኳኩ። በወጉ ንገሩኝ።"

ወጣን። በሩን ከኋላችን ዘጋነው። ደረጃው ላይ ቀዝቃዛ ነው፤ ከታች መኪናችን አጠገብ መብራት ይታያል። ጋሽ ደምሰው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

"ቤቶች!" አሉ።

"ማን ልበል?" አለች ከውስጥ። ድምፅዋ የሰው የማይመስል ቀጭን ነበር።

"እኛ ነን። ደምሰውና ትርንጎ።"

በሩ ተከፈተ። ሁለታችንንም አየችን፣ ገና አሁን እንዳየችን ሁሉ። "በዚህ ማለዳ…" አለች። "በዚህ ማለዳ ምን እግር ጣላችሁ? ደህና ናችሁ? ልጄ ደህና ነው?"

"ወይዘሮ ፈለቀች" አሉ ጋሽ ደምሰው። "ጠንከር ይበሉ። ልጅዎ ናሁሠናይ ማክሰኞ ዕለት ዐርፏል።"

ያን ጊዜ ጮኸች። "ልጄን!" ብላ ከወገቧ ታጠፈች፣ እኔ ከግራ ጋሽ ደምሰው ከቀኝ ያዝናት፣ ሦስታችንም ደፉ ላይ ተቀመጥን። ፊቴ መጨረሻ ላይ ተፈታ። ናሁዬ፣ ወንድሜ እያልኩ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የታችኛው ፎቅ በር ተከፈተ፣ ሰው ቀና ብሎ አየ፣ ተመልሶ ዘጋ። ከመንገዱ ላይ መኪናዋ በሚያምር ድምፅ "ተጓዦች ሆይ፣ የግንቡ ጉብኝት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጀመራል" አለች። ማንም አልመለሰላትም።

ብዙ ቆይቶ፣ ድምፅዋ ሲደክም፣ እትዬ ራሷን ትከሻዬ ላይ እንዳሳረፈች ጠረጴዛውን አየች። ጥቅልሉ ስሙ እንደተጻፈበት አለ።

"ፌጦውን አልወሰደም ለካ" አለችኝ።

"አልወሰደም፣ እትዬ" አልኳት።